ዋልካ ላይ የቆመ ቤት ለምን ይሰነጠቃል?

ጥያቄ፦ ቢቸና አካባቢ ዋልካ መሬት ላይ ቤት ሠርቻለሁ። በጋ በመጣ ቁጥር ግድግዳው ይሰነጠቃል። ክረምት ሲገባ ደግሞ በሩ አልዘጋ ይላል። ቡሬ ያሉት አማቼ ቀይ አፈር ላይ ነው የሠሩት፤ ቤታቸው ምንም አልሆነም። ሁለቱም ሸክላ አፈር አይደሉም ወይ?

መልስ፦ ናቸው እንጂ! መነሻቸውም አንድ ነው፤ የጎጃምን ደጋ የሸፈነው ባዛልት የሚባል ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። የሚለያዩት ዓይን በማያየው ቦታ ነው።

የሸክላ ማዕድን የተሠራው ከስስ ንጣፎች ነው። በአንደኛው ንጣፍ እያንዳንዱ ሲሊከን በ4 ኦክስጅን ይከበባል፤ ሦስቱን ከጎረቤቶቹ ጋር ይጋራል። ሌላኛው ንጣፍ የአሉሚኒየም ወይም የማግኒዚየም ነው። በቀይ አፈር የሚበዛው ካኦሊናይት ከሁለቱም አንድ አንድ ወስዶ አንድ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኖቹ በሃይድሮጅን ትስስር ጥብቅ ብለው ስለሚያያዙ ውሃ በመካከላቸው አይገባም። የአማችዎ ቤት ያረፈው እዚህ ላይ ነው።

በዋልካ የሚበዛው ማዕድን፣ ስሜክታይት፣ ግን አንዱን የአሉሚኒየም ንጣፍ በሁለት የሲሊከን ንጣፎች መሃል ያስገባል። እዚያ ውስጥ አንዳንዱን የአሉሚኒየም ቦታ ማግኒዚየም ሲይዘው ሽፋኑ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይኖረዋል። ያን ለማካካስ ካልሲየምና ማግኒዚየም በሽፋኖቹ መካከል ይገባሉ፤ እነሱ ደግሞ ውሃ ይስባሉ። ደርቆ 1 ናኖሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ) ገደማ የነበረው ሽፋን ሲርስ 1.5 ያልፋል። ዝናብ እንደመታው ዳዊት በየቅጠሉ መሃል ያብጣል ማለት ነው። በጋ ውሃው ሲወጣ መሬቱ ይሰበሰባል፣ ይተረተራል፤ ግድግዳዎም አብሮት።

ታዲያ አንዱ ባዛልት ለምን ሁለት ሆነ? ውሃ ቶሎ በሚወርድበት ቦታ ሲሊካው (የሲሊከንና የኦክስጅን ውህድ) ታጥቦ ስለሚሄድ ካኦሊናይት ይቀራል። ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ሲሊካውም ማግኒዚየሙም እዚያው ስለሚቆዩ ስሜክታይት ይወለዳል።

ካላመኑኝ ከሁለቱም አፈር እኩል መጠን ያላቸው ድብልብል ኳሶች ይሥሩና ጥላ ውስጥ ያድርቋቸው። የዋልካው ጎልቶ ያንሳል፣ ፊቱም ይሰነጠቃል።

ግን ዋልካን አይጥሉት። ያው ቻርጅ ነው ለጤፍ ካልሲየሙን ይዞ የሚያቆይለት፤ ክረምት ካለፈ በኋላ በቀረችው እርጥበት ሽምብራ የሚበቅለውም በእሱ ነው። የጉድጓድ ቆፋሪዎች ቤንቶናይትም የዚሁ ዘር ነው፤ የጉድጓዱ ግድግዳ እንዳይናድ ጭቃ አድርገው ያፈሱታል። ካኦሊናይት የሚበዛበት ነጭ ሸክላ፣ ካኦሊን፣ ደግሞ ለስኒና ለሚያንጸባርቅ ወረቀት ይውላል።

ወደ ቤትዎ ልመለስ። ችግሩ የአፈሩ እርጥበት መለዋወጥ ነው። የጣሪያው ውሃ ግድግዳው ሥር እንዳይወርድ አሸንዳ ያስገጥሙ፣ ዙሪያውን ቦይ ያውጡ። ግድግዳው አጠገብ ባሕር ዛፍ ካለ ሥሩ በበጋ ውሃውን መጥጦ ስንጥቁን ያባብሰዋል፤ ይቆረጥ። ሌላ ክፍል የሚጨምሩ ከሆነ ዋልካው ተቆፍሮ ይውጣና ገረጋንቲ ተሞልቶ በደንብ ይጠቅጠቅ። ከዚያ በፊት ግን መሐንዲስ ያሳዩ፤ የዋልካው ጥልቀት ከቦታ ቦታ ይለያያል።