«የምሥራቅ ነፋስ» ከየት ወዴት?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ስልኬ ላይ ያለው የአየር ትንበያ «የምሥራቅ ነፋስ፣ 18 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ሽውታ 40» ይላል። አጠገቡ ያለው ቀስት ግን ወደ ምዕራብ ነው የሚያመለክተው። ነፋሱ ከምሥራቅ ይመጣል ወይስ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል? ደግሞስ 40 የደረሰ ነፋስ እንዴት ሽውታ ይባላል?

መልስ፦ ከምሥራቅ ነው የሚመጣው። ነፋስ በመነሻው እንጂ በመድረሻው አይጠራም። ይህ የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ደንብ ብቻ ሳይሆን በአማርኛም የቆየ ነው፤ በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 10 አንበጣውን ግብፅ ላይ ያመጣው የምሥራቅ ነፋስ ነው፤ ጠርጎ ቀይ ባሕር የጨመረው ደግሞ የምዕራቡ። ቀስቱም አልተሳሳተም። በብዙዎቹ የስልክ ትንበያዎች ጽሑፉ መነሻውን ይናገራል፤ ቀስቱ መሄጃውን ያሳያል።

ግራ ያጋባችዎ «የ» ናት። መናኸሪያ ገብተው «የደሴ መኪና የቱ ነው?» ቢሉ የሚያሳዩዎት ወደ ደሴ የሚሄደውን ነው። «የመንዝ በግ» ሲባል ግን በጉ ከመንዝ የመጣ ነው። ስለዚህ «የምሥራቅ ነፋስ» የሚለውን አንዱ እንደ በጉ፣ ሌላው እንደ መኪናው ቢተረጉመው አይፈረድበትም። «ምሥራቃዊ ነፋስ» ማለትም ነገሩን አስጌጠው እንጂ አላጠራውም። «ከምሥራቅ የሚነፍስ» ቢባል ግን የሚሳሳት የለም።

ገበሬው ይህን «ከ» አይዘነጋም። በኅዳርና በታኅሣሥ አውድማ ላይ መንሽ የያዘ ሰው የሚጠይቀው ነፋሱ ከየት በኩል እንደመጣ ነው፤ ፊቱን ለነፋሱ ሰጥቶ ቢያነሳ እብቁ ዓይኑን ይሞላዋላ! በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ «ከቆላ በኩል መጣ» ማለትና «ከምሥራቅ መጣ» ማለት እምብዛም አይራራቅም፤ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት የሚወርደው ቆላ በምሥራቅ በኩል ነውና። የበጋው ነፋስም በአብዛኛው ከዚያው ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ነው።

ወደ «ሽውታ» ስንመጣ ቅሬታዎ ትክክል ነው። ቃሉ አጭርነቱን ይዟል፤ ሽው ብሎ ማለፍ ቅጽበት ነው። ኃይሉን ግን አልያዘም፤ ሽውታ ፊት ዳሰስ አድርጎ የሚያልፍ ነው፤ ቆርቆሮ አይነቅልም። አንዳንዶች በምትኩ «ዐውሎ ነፋስ» ይላሉ፤ እሱ ደግሞ አቧራ እያነሳ የሚሽከረከረው ነው፣ ሌላ ነገር። ትንበያው ሊል የፈለገው ይህን ነው፦ 18 የሚለው በተለምዶ የ10 ደቂቃ አማካይ ነው፤ 40 ደግሞ በመሀል ለ3 ሰከንድ ያህል ድንገት የሚበረታው። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስልዎ፤ የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ፣ 40 ከ18 ጋር ሲነጻጸር አምስት እጥፍ ገደማ ይገፋል። ባሕር ዛፍ የሚጥለው አማካዩ ሳይሆን ይሄኛው ነው።

ለዚህ አዲስ ስም መፍጠር አስፈላጊ አይመስለኝም። አማርኛ በግስ ሲናገር ይቀናዋልና እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ነፋሱ ከምሥራቅ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ይነፍሳል፤ አልፎ አልፎ ድንገት እየበረታ እስከ 40 ይደርሳል።» «በሰዓት» መቅደሙንም ልብ ይበሉ፤ «18 ኪሎ ሜትር በሰዓት» የባዕድ አሰካክ ነው።

«ነፋስ» ወይስ «ንፋስ» ለሚሉም፦ የግእዙ «ነፋስ» ነው፤ በንግግር «ንፋስ» የሚል አልተሳሳተም።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዱ ትንበያ በሜትር በሰከንድ ስለሚጽፍ «5» ብቻ አይተው ጸጥ ያለ ቀን ነው እንዳይሉ፤ 5 ሜትር በሰከንድ ያው የእርስዎ 18 ኪሎ ሜትር ነው። ቁጥሩ ከመሬት 10 ሜትር ከፍታ ላይ ላለ ነፋስ የሚሰጥ ስለሆነም፣ አጥር የከለለው ግቢዎ ውስጥ ከተጻፈው ያነሰ ቢያገኙ፣ ጣርማበር አፋፍ ላይ ደግሞ የበለጠ ቢገጥምዎ አይደነቁ።