ፈረስህን በማግስቱ እየው፦ ለጎጃም ወጣት ፈረሰኞች

ጥር 23 እንጅባራ ላይ በአገው ፈረሰኞች በዓል ጉግስ የተጫወተ ልጅ ኦሊምፒክ ላይ መጋለብ ይችላል ወይ? ይህን ጥያቄ ከጡረታዬ በፊትም በኋላም ብዙ ወጣቶች ጠይቀውኛል። ዕድሜዬን በእንስሳት ሐኪምነት ያሳለፍኩት ፈረስ በሚወደድበት አገር ስለሆነ ጥያቄው አይገርመኝም። እኛ ጎጃሞች ጀግና እንኳ የምንጠራው በፈረስ ስሙ ነው። በላይ ዘለቀን አባ ኮስትር ካላልነው አፋችን አይሞላም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አባቶች የዘመቱባቸውን ፈረሶች ውለታ ሲዘክር ኖሯል።

መልሴ "ይችላል" ነው። ግን ልጆቼ፣ ብዙዎቻችሁ የምትለማመዱት ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ የሚፈለገው ሌላ ነው።

ስፖርቱ ኢቨንቲንግ ይባላል። አንድ ጋላቢ በአንድ ፈረስ ሦስት ፈተና ይፈተናል። መጀመሪያ ድሬሳዥ ነው፤ ፈረሱ በተከለለ ሜዳ ውስጥ በእርምጃ፣ በሶምሶማና በደንገላሳ የታዘዘውን በእርጋታ ይሠራል። ቀጥሎ አገር አቋራጭ ይመጣል፤ ግንድ፣ ቦይ፣ ውኃ፣ ዳገትና ቁልቁለት። በመጨረሻ ሲነኩት የሚወድቅ የእንጨት መሰናክል መዝለል ነው። በመሀል ፈረስ መቀየር የለም።

ነገሩ የመጣው ከጦር ሠራዊት ነው። የመኮንን ፈረስ ሰልፍ ላይ ታዛዥ፣ ዘመቻ ላይ ደፋር፣ በማግስቱም ለሥራ ብቁ መሆን ነበረበት። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1912 ስቶክሆልም ላይ ኦሊምፒክ ሲገባ የሚወዳደሩት መኮንኖች ብቻ ነበሩ። ሴት የገባችው በ1964 ቶኪዮ ላይ ነው፤ አሜሪካዊቷ ላና ዱ ፖንት። ዛሬ ወንድና ሴት በአንድ ሰንጠረዥ ይፎካከራሉ። በ2021 እዚያው ቶኪዮ ላይ የግሉን ወርቅ የወሰደችው ጀርመናዊቷ ዩሊያ ክራየቭስኪ ናት። እህቶቻችሁን ኮርቻ የምትከለክሉ ካላችሁ ይቺን ጣል አድርጌላችሁ ልለፍ።

ነጥቡ ላይ ግን ልቆይ። የምክሬ ፍሬ ያለው እዚያ ነው። የሚያሸንፈው ከሁሉ ያነሰ ቅጣት ያለበት ነው። ድሬሳዥ ላይ 70 በመቶ ያገኘ ልጅ 30 የቅጣት ነጥብ ይዞ ይወጣል። አገር አቋራጭ ላይ ፈረሱ መሰናክል ፊት እምቢ ካለ 20 ይጨመርበታል። እዚያው መሰናክል ላይ ደግሞ እምቢ ካለ ሌላ 40። ጋላቢው ከወደቀ በቃ፣ ተሰናበተ። ከተሰጠው ሰዓት ላለፈ ለእያንዳንዱ ሰከንድ 0.4 ይቀጣል። በመጨረሻው ዝላይ አንድ እንጨት የጣለ 4 ይቀጣል።

እስቲ አስሉት። የአንዲት እምቢታ ዋጋ ከ50 ሰከንድ መዘግየት ጋር እኩል ነው። መሰናክል ከመድረሱ በፊት ዛቡን ሰብሰብ አድርጎ፣ ፈረሱን አረጋግቶ የቀረበ ልጅ ምናልባት ሦስት ሰከንድ ያጣል። የሚከፍለው አንድ ነጥብ ከምናምን ነው። በጅራፍ አጣድፎ እምቢ ያስባለው ደግሞ 20 ይከፍላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም የሚባለው ልክ ነው፤ ጫፍ ላይ እምቢ ካለ ግን ማድረሱም ይቀራል።

ሌላም አለ። ከተሰጠው ሰዓት ቀድሞ መግባት ሽራፊ ነጥብ አይጨምርም። ይህ ለኛ ልጅ ለመዋጥ ይከብዳል። በከፍተኛው ደረጃ፣ አምስት ኮከብ በሚሉት፣ መንገዱ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ 570 ሜትር ተብሎ ተቆርጧል። 11 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ጎበዙ ጋላቢ ሰዓቱን እጁ ላይ አስሮ፣ የት ቦታ ስንት ደቂቃ ላይ መድረስ እንዳለበት በእግሩ እየዞረ አጥንቶ ነው የሚገባው። መንገዱን በእግር ማየት ይፈቀድለታል። ፈረሱ ግን መሰናክሎቹን የሚያየው ያኔ ሲደርስባቸው ነው። ስለዚህ የፈረሱ እምነት ሁሉ ጋላቢው ላይ ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። አገር አቋራጩ ባለቀ ማግስት፣ ከዝላዩ በፊት፣ ፈረሶቹ አንድ በአንድ ለምርመራ ይቀርባሉ። ኮርቻ የለም። ፈረሱ በልጓም ብቻ ተይዞ፣ ዳኞችና ሐኪም ፊት፣ ጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ ይሮጣል። ካነከሰ ያበቃለታል። ትናንት አንደኛ ሆኖ ያደረ ፈረስም ቢሆን ወደ ቤቱ ነው። ከስፖርቱ ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው።

ይህን ምርመራ እናንተም መሥራት ትችላላችሁ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ጓደኛችሁ ዛቡን ላላ አድርጎ ይዞ ፈረሱን በሶምሶማ ወደ እናንተ ያስሩጠው። እናንተ ራሱን ብቻ እዩ። የፊት እግሩን ያመመው ፈረስ፣ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ሽቅብ ያነሳል። ጤነኛው ሲያርፍ ቁልቁል ይጥላል። ቀጥሎ መዳፋችሁን ኮቴው ላይ አድርጉ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ይሞቃል? ከጉልበቱ በታች፣ ከኋላ በኩል ያለውን ጅማት በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ውረዱ። ያበጠ ቦታ አለ? ስትነኩት እግሩን ይነጥቃል? ከዚያ ከመንጋጋው ሥር ያለውን የደም ሥር በጣታችሁ ፈልጉና ሰዓት ይዛችሁ ቁጠሩ። ያረፈ ጤነኛ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል። ምንም ሳይሠራ፣ ቆሞ ባደረበት 60 ከመታ የሆነ ነገር አሞታል። ኮርቻ አታስቡ፤ ሐኪም ጥሩ።

ከበዓል በኋላ ክሊኒክ የሚመጡትን ፈረሶች አውቃቸዋለሁ። አንዱ ከንፈሩ በልጓም የተቆረጠ ነው። አንዱ ገጣባ ሆኗል፤ ኮርቻው የተቀመጠበት ጀርባው ተልጦ ዝንብ ወሮታል። ባለቤቱ ግን "ዶክተር፣ ትናንት እንዴት እንደሮጠ ብታየው!" ይለኛል። ዓለም አቀፉ ውድድር ላይ ይህ ልጅ መሸለሙ ቀርቶ ይጠየቃል። ጅራፍ ያበዛ ይቀጣል፤ ከውድድር እስከ መባረር ይደርሳል።

ስለ ቡድን ደግሞ ልበላችሁ። ኢቨንቲንግ የግልም የአገርም ውድድር ነው። ለራሱ የጋለበው ነጥብ ለአገሩ ቡድንም ይቆጠራል። ድሮ ኦሊምፒክ ላይ ከቡድኑ የሦስቱ የተሻለ ውጤት ተደምሮ የደካማው ይጣል ነበር። ከ2021 ወዲህ ቡድኑ ሦስት ሰው ሆነ፤ የሦስቱም ይደመራል። የሚጣል የለም። ብዙዎቹ ከባድ መሰናክሎች ደግሞ ሁለት መንገድ አላቸው። ቀጥታው አጭርና ከባድ ነው፤ ዙሪያው ረጅምና ቀለል ያለ። ፈረሱ እንደደከመ የገባው ጋላቢ ዙሪያውን ይይዛል። ጥቂት ሰከንድ ይከስራል፤ ቡድኑ ግን ይተርፋል። ጎጃሜ "ዞሮ ሄደ" ከሚሉት ቢሞት ይመርጣል፤ አውቃለሁ። እዚያ ግን ዞሮ የሄደው ነው ሜዳሊያ ይዞ የሚመለሰው።

በ1960 ሮም ላይ አውስትራሊያዊው ቢል ሮይክሮፍት አገር አቋራጭ ላይ ወድቆ ተጎዳ። በማግስቱ ከሆስፒታል ወጥቶ ዝላዩን ጋለበና ቡድኑ ወርቅ አገኘ። ይህን ስነግራቸው የወጣቶቹ ዓይን ይበራል። እኔ ግን ታሪኩን ለአርአያነት አላወራውም። ዛሬ ደንቡም አይፈቅደውም። በዚህ ስፖርት ሰውም ፈረስም ሞቷል፤ ደንቡ እየጠበቀ የመጣው ለዚህ ነው። ሄልሜት ሳታደርጉ እንጨት አትዝለሉ። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

የማይጥመውን ደግሞ ልንገራችሁ። ፈረሳችሁ አብሯችሁ አውሮፓ አይሄድም። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባል፣ ትንኝ በሚያካክሉ ነፍሳት የሚተላለፍ ቫይረስ አገራችን ውስጥ አለ። በሽታው ካለበት አገር ፈረስ ለማስገባት እነሱ በር ይዘጋሉ፤ ቢከፍቱም በብዙ ጣጣ ነው። ደግሞም የእኛ ፈረስ አጭር ነው። ኒውዚላንዳዊው ማርክ ቶድ በ1984ም በ1988ም ወርቅ ያገኘበት ካሪዝማ የተባለው ፈረስ ከተፎካካሪዎቹ አጠር ያለ ነበር ይባላል፤ እውነት ነው። የእኛ ግን ከሱም ያጥራል፤ አንዋሽ። ስለዚህ ባሕር የሚሻገረው የእናንተ እጅ፣ ወገብና ዕውቀት ነው። ጋላቢ መሆን ባይሳካ እንኳ ፈረስ አያያዝ የሚያውቅ ሰው እንደ ባልደራስ፣ እንደ ሐኪም ረዳት፣ እንደ አሠልጣኝ ሥራ አያጣም።

ለዚህ የሚያስፈልገው እዚሁ አለ። ሜዳ ላይ እንጨት ትከሉ፤ 10 ሜትር ገመድ አስራችሁ ዙሩና ክብ አስምሩ። ድሬሳዥ ላይ የሚሠራው የ20 ሜትር ክብ ይኸው ነው። በዚያ መስመር ላይ በሶምሶማ ዙሩ፤ ያለ ጅራፍ፣ ዛብ ሳትጎትቱ። ፈረሱ ወደ ውስጥ ይቆርጣል? ወደ ቤቱ አቅጣጫ ሲሆን ይፈጥናል? በግራ የሚያምረው በቀኝ ይጠማል? እነዚህ ሳይስተካከሉ ግንድ መዝለል ትርፉ ስብራት ነው። ሲስተካከሉ ከጉልበታችሁ የማይበልጥ ግንድ ይበቃል።

ለበዓል አዘጋጆች አንድ ሐሳብ አለኝ፤ እናንተ ወጣቶች አንሱልኝ። ጥር 24 ጠዋት ፈረሶቹ ወደየመጡበት ሳይበተኑ፣ ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠርታችሁ በሶምሶማ አሳዩአቸው። ሰላሳ ሜትር ጠንካራ መሬት ይበቃል። ያነከሰው ስሙ ሳይጠራ ወደ ጎን ወጥቶ ይታከም። ሽልማቱንም ጥር 23 ማታ ከመስጠት ጥር 24 ረፋድ ላይ ስጡት።