ፖሊስ በመሆኑ የሕይወት መድን አረቦን ይጨመርበታል?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የፖሊስ ሳጅን ነው። የሕይወት መድን ሊገባ አስቦ አንድ ወኪል አነጋገርን። ወኪሉ ፖሊስ መሆኑን ሲሰማ አረቦኑ (ለመድኑ የምንከፍለው ገንዘብ) ከፍ እንደሚል ነገረን። ቀጥሎ ግን «ሥራው ላይ የመንግሥት ሠራተኛ ብለን እንሙላው፣ ውሸትም አይደለም» አለን። ለመሆኑ መጨመር ይችላሉ? ወኪሉ እንዳለው ብናደርግስ? ባለቤቴ ከቀድሞ ትዳሩ አንድ ልጅ፣ ከእኔ ደግሞ ሁለት ልጆች አሉት። አንድ ነገር ቢሆን ገንዘቡ ለማን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጨመር ይችላሉ። አረቦን የሚወሰነው በውል ነው። መድን ሰጪው ዕድሜን፣ ጤናን፣ የገንዘቡን መጠን፣ የውሉን ዘመንና ሥራን አይቶ ያሰላል። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ኩባንያ ጠይቁ። ቢሮ የሚውልና ጥበቃ ወይም ፓትሮል ላይ የሚሰማራ ፖሊስ ስጋታቸው አንድ ስላልሆነ የባለቤትሽን ምድብ በግልጽ ንገሯቸው። መሥሪያ ቤቱ ወይም የቁጠባና ብድር ማኅበራቸው የቡድን መድን ካለውም አጣሩ። ብዙ ሰው በአንድ ውል ሲገባ ዋጋው ብዙ ጊዜ ይቀላል።

የወኪሉን ምክር ግን አትስሙ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የመድን ክፍል ዛሬም ይሠራል፤ በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ይህን ክፍል አልሻረውም። አንቀጽ 667 መድን የሚገባው ሰው ስጋቱን ለመመዘን የሚረዳውን የሚያውቀውን ሁሉ በትክክል እንዲናገር ያስገድዳል። «የመንግሥት ሠራተኛ» የሚለው እውነት ነው፤ ግን ኩባንያው ማወቅ የሚፈልገውን ነገር ይሸፍናል። አንቀጽ 668 ደግሞ የሚያስከትለውን ይናገራል። ሆን ተብሎ ከተደበቀና ኩባንያው ቢያውቅ ኖሮ ውሉን የማይገባ ወይም በሌላ ዋጋ የሚገባ ከነበረ፣ ውሉ ዋጋ ያጣል። ሳይታወቅ የተፈጸመ ስህተት ከሆነ ግን ውሉ አይፈርስም፤ አደጋው ከደረሰ በኋላ ከታወቀ ክፍያው በተከፈለው አረቦን ልክ ይቀነሳል።

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። ለ500,000 ብር መድን ተራው አረቦን በዓመት 2,500 ብር፣ ለፖሊስ 3,500 ብር ነው እንበል። ልዩነቱ በወር 83 ብር ገደማ ነው። ስህተቱ በቅንነት የተፈጸመ ቢሆን ከ500,000 ብሩ የምታገኙት 357,000 ብር አካባቢ ነው። እናንተ ግን ወኪሉ ፊት ለፊት ሲናገር ሰምታችኋል፤ «አላወቅንም» ማለት ይከብዳል። ያኔ ምንም ላይከፈላችሁ ይችላል። ቅጹን ወኪሉ ቢሞላውም የሚፈርመው ባለቤትሽ ነው፤ የሚጠየቀውም እሱ ነው። ከመፈረሙ በፊት እያንዳንዱን መልስ ያንብብ፤ የቅጹንም ኮፒ ይያዝ።

እኔን ከዋጋው ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ብዙ የመድን ውሎች ጦርነትን፣ ሁከትንና ብጥብጥን ከሽፋን ያስወጣሉ። ለፖሊስ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሥራው አደገኛ ነው ብለው ካስከፈሉ በኋላ ያንኑ አደጋ በትንንሽ ፊደል ቢያወጡት ተጨማሪው ብር ለምን ተከፈለ? ስለዚህ የመጀመሪያውን አረቦን ሳትከፍሉ የማይሸፈኑትን ነገሮች የሚዘረዝረውን ገጽ ጠይቁ። «በግዳጅ ላይ፣ ሁከት ሲበትን ቢሞት ይከፈላል?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የወኪል የቃል ተስፋ ችሎት ፊት ብዙ አይራመድም። የውሉ አንቀጽ አሻሚ ሆኖ ከተገኘ ግን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1738 ይረዳችኋል፤ አንዱ ወገን አስቀድሞ ያዘጋጀው ውል ሲያጠራጥር የሚተረጎመው ለሌላው ወገን በሚጠቅም መንገድ ነው።

ገንዘቡ ለማን ይሆናል ላልሽው፣ መልሱ ያለው ባለቤትሽ በሚጽፈው ላይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 827 እንደሚለው፣ ተጠቃሚው ካልተወሰነ ወይም በደፈናው «ለወራሾቼ» ከተባለ ገንዘቡ ውርስ ውስጥ ይገባል። ያኔ ሦስቱም ልጆች እኩል ወራሾች ናቸው፤ አንቺ ደግሞ ሚስት በመሆንሽ ብቻ ያለ ኑዛዜ አትወርሺም። ብዙ ሴቶች ይህን የሚሰሙት ለቅሶ ላይ ተቀምጠው ነው። ባለቤትሽ ግን አንቺንና ሦስቱንም ልጆች በሙሉ ስም፣ ከነድርሻችሁ ቢጽፍ ገንዘቡ ከውርስ ውጭ ሆኖ በቀጥታ ይደርሳችኋል። የመጀመሪያውን ልጅ እንዳይዘነጋ ብታሳስቢው ኋላ ክርክር ይቀንሳል።

ጡረታውም አይነካም። የተተኪዎች ጡረታ፣ ማለትም ሠራተኛው ሲሞት ለቤተሰቡ የሚከፈለው፣ ራሱን የቻለ መብት ነው፤ በቁጥር 828 መሠረት ውርስ ውስጥም አይገባም። የሕይወት መድን ለጠፋ ንብረት እንደሚከፈል ካሳ ስላልሆነ «ጡረታ ታገኛላችሁ» ተብሎ አይቀነስም።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሺ። የመድን ክፍያ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልተከሰሰ መብቱ ይቀራል ማለት ነው። ውሉ የት እንደተቀመጠ አንቺም እወቂ፤ የአረቦን ደረሰኞቹንም አብረሽ አስቀምጪ። ኩባንያው አልከፍልም ካለ ምክንያቱን በደብዳቤ እንዲሰጥሽ ጠይቂ። ዘርፉን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ አቤቱታ ማቅረብ ትችያለሽ። አቤቱታው መልስ እስኪያገኝ ብለሽ ግን የክስ ጊዜውን አታሳልፊ።