ጀርመን፦ ኔጋቲቭ ከመጣ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት

ጥያቄ፦ የጥገኝነት ጥያቄዬን ከሚያየው መሥሪያ ቤት ከባምፍ ኔጋቲቭ፣ ማለትም ውድቅ የሚል ውሳኔ መጣብኝ። የምኖረው ካምፕ ውስጥ ነው። ያገኘሁት ጠበቃ የቀጠረኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለሆነ እስከዚያ ብጠብቅ ችግር አለው? ፍርድ ቤት ስቀርብስ ታሪኬን እንደ አዲስ ነው የምናገረው?
ሰ. ነኝ፣ ከሄሰን

መልስ፦ አይጠብቁ፤ ቀጠሮው ሳይደርስ ቀኑ ያልፍብዎታል። ደብዳቤው የመጣበትን ቢጫ ፖስታ እንዳይጥሉት። የሚቆጠረው ፖስተኛው እላዩ ላይ የጻፈው ቀን ነው፤ ሳጥን ውስጥ ጥሎት ሄዶ እርስዎ ከሳምንት በኋላ ቢከፍቱትም ለውጥ የለውም። ያሉት የመጀመሪያ መቀበያ ካምፕ ከሆነ ደግሞ ደብዳቤውን ባይወስዱትም፣ የካምፑ አስተዳደር በተረከበው በሦስተኛው ቀን እንደ ደረሰዎት ይቆጠራል።

ቀጥሎ የውሳኔውን ዓይነት ይለዩ። ተራ ውድቅ ከሆነ ክስ ለማስገባት 2 ሳምንት አለዎት፤ ክሱ እስኪወሰንም አያባርሩዎትም። «ኦፈንዚሽትሊሽ ኡንበግሩንደት» የሚል ካለበት፣ ማለትም ጥያቄዎ በግልጽ መሠረት የለሽ ነው ከተባለ፣ ያለዎት 1 ሳምንት ብቻ ነው። ያን ጊዜ ክሱ ብቻውን ከመባረር አያድንም፤ በዚያው ሳምንት «አይልአንትራግ» የሚባለውን አስቸኳይ የዕግድ ጥያቄ አብረው ማስገባት ግድ ነው። በደብሊን ውሳኔም፣ ማለትም ጉዳይዎን የሚያየው ሌላ የአውሮፓ አገር ነው ሲባል፣ እንዲሁ ነው። ክሱን በጊዜው አስገብቶ ዕግዱን የረሳ ሰው በክርክር መሀል የመባረሪያ ትእዛዝ ሊፈጸምበት ይችላል። ከጁን 12 ቀን 2026 ወዲህ ለገቡ ማመልከቻዎች አዲሱ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ስለሚሠራ የቀኑ ልክ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ከጓደኛ ከሰሙት ይልቅ በውሳኔው መጨረሻ ላይ ያለውን የይግባኝ መመሪያ ይመኑ፤ ቀኑም፣ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነም እዚያ ተጽፏል።

ክሱን ያለ ጠበቃ ማስገባት ይቻላል። በአስተዳደር ፍርድ ቤቱ ውስጥ «ሬሽትስአንትራግሽቴለ» የሚባል ክፍል አለ። ውሳኔውንና ፖስታውን፣ ጀርመንኛ የሚችል ሰውም ይዘው ይሂዱ፤ ሠራተኛው ክስዎን ይጽፍልዎታል። የፍርድ ቤት ክፍያ የለም። በፖስታ ከላኩ ፈርመውበት፣ በመጨረሻው ቀን እኩለ ሌሊት ሳያልፍ ፍርድ ቤቱ መድረስ አለበት፤ በዚያ ቀን ፖስታ ቤት መስጠት አይበቃም። ተራ ኢሜይል ጭራሽ አይቆጠርም። ዝርዝር ምክንያቱን ለማቅረብ ውሳኔው ከደረሰዎት ጀምሮ 1 ወር ስላለ፣ የጠበቃው ቀጠሮ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ታሪክዎን በተመለከተ፦ ዳኛው የባምፍ ቃለ መጠይቅዎን ፕሮቶኮል፣ ማለትም ቃልዎ የተመዘገበበትን ጽሑፍ፣ ከፊቱ አድርጎ ነው የሚጠይቅዎት። ፕሮቶኮሉን በሚያምኑት ሰው ቃል በቃል አስተርጉመው፣ ባምፍ «አይታመንም» ካለባቸው ነጥቦች ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩት። የእኛን ሰዎች ደጋግሞ የሚጥለው የቀንና የሰዓት ነገር ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ከአውሮፓውያኑ የምንለየው በ7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ በ8 ነው፤ «ሌሊት 8 ሰዓት» ያሉትም (በአውሮፓውያኑ 02:00 ነው) 20:00፣ ማለትም በእኛ ምሽት 2 ሰዓት ተብሎ ተተርጉሞ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ስህተት ካገኙ ችሎቱን ሳይጠብቁ በጽሑፍ ያስተካክሉ። ችሎት ላይ ብቻ ብቅ የሚል ማስተካከያ ሰበብ ይመስላል። አዲስ ማስረጃ ግን ማቅረብ ይቻላል፤ ፍርድ ቤቱ የሚመዝነው በችሎቱ ቀን ያለውን ሁኔታ ነው።

አድራሻ ሲቀይሩ ለባምፍ ብቻ ሳይሆን ለፍርድ ቤቱም ለየብቻ ያሳውቁ። ፍርድ ቤቱ ክሱን እንዲያንቀሳቅሱ ጠይቆ 1 ወር ዝም ካሉ፣ ክሱን እንዳነሱት ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ እዚያም ብሸነፍስ?

መልስ፦ ይግባኝ እንዲፈቀድልዎ በ1 ወር ውስጥ ይጠይቃሉ፤ እዚህ ላይ ጠበቃ ግዴታ ነው። የሚፈቀደውም ጉዳዩ ከእርስዎ አልፎ ለሌሎችም ወሳኝ የሕግ ወይም የፍሬ ነገር ጥያቄ ካነሳ፣ ፍርዱ ከበላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ከተቃረነ፣ ወይም ከባድ የሥነ ሥርዓት ጉድለት ካለ ነው። «ዳኛው አላመነኝም» ማለት ብቻውን አያስፈቅድም።