«መከተል» ወይስ «መከታተል»?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ የባዮሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን የአማርኛ ርእስ «በእንስሳት ህብረ ህዋስ ውስጥ በህዋስ ሽፋን ላይ የተቸከሉ ፕሮቲኖችን በፍሎረሰንት ምልክት አማካኝነት መከተል» ብዬዋለሁ። አንድ ወዳጄ «መከታተል» በል አለኝ፤ «የተቸከሉ» የሚለውም አልጣመውም። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ወዳጅዎ። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሲሄዱ ከኋላዎ እግር በእግር የሚመጣ ሰው ይከተልዎታል፤ ከመስኮቱ ሳይነሳ የት እንደ ደረሱ በየጊዜው የሚያይ ግን ይከታተልዎታል። «ተመለሰ» አንድ ፊደል ሲደግም «ተመላለሰ» እንደሚሆን፣ «ተከተለ»ም «ተከታተለ» ሲሆን ድርጊቱ ይደጋገማል። ማይክሮስኮፑም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በየጥቂት ሰከንዱ ፎቶ እያነሳ የፍሎረሰንቱ፣ ማለትም ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ የሚያበራው ምልክት፣ ብርሃን የት እንደ ደረሰ ያያል።

ግሡ የሚሠራው ግን ህብረ ህዋሱ ሕያው ከሆነ ነው። ከጄሊፊሽ የተገኘው አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ1994 በሕያው ትል ውስጥ ሲያበራ ከታየ ወዲህ እንዲህ ያለው ሥራ ተለምዷል። ናሙናዎ በኬሚካል ሞቶ ባለበት እንዲቆም ከተደረገ በኋላ የተቀለመ ከሆነ ያዩት ቦታን እንጂ ጉዞን አይደለምና «ያሉበትን ማሳየት» ይበሉ።

«የተቸከሉ» የሚለው ከሁሉ ይብሳል። ችካል ላይ የታሰረች በቅሎ እንኳ ገመዷ እስከሚደርስ ትግጣለች፤ የተቸከለው ችካሉ ራሱ ግን ንቅንቅ አይልም። ፍራይና ኤዲዲን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970 የአይጥንና የሰውን ህዋስ አዋሕደው የአንዱን የገጽ ፕሮቲኖች በአረንጓዴ፣ የሌላውን በቀይ አብሪ ቀለም ለዩ። በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በ40 ደቂቃ ግድም ሁለቱ ቀለሞች በመላው ገጽ ተደባልቀው ተገኙ። የተቸከለ ነገር እንዲህ አይንሸራሸርም! እርግጥ ከውስጥ በህዋሱ አጽም ተይዘው የሚቆሙ ፕሮቲኖች አሉ፤ ጥናትዎ ስለ እነርሱ ብቻ ከሆነ ቃልዎን አልነካም። አለዚያ «የተሰኩ» ይሻላል። ጫፋቸው ወይም የስብ ጅራታቸው ሽፋኑ ውስጥ መግባቱን ይናገራል፤ ስለ መንቀሳቀሳቸው ግን አስቀድሞ አይፈርድም።

«አማካኝነት»ን ለቢሮ ደብዳቤ ይተዉለት፤ «በ» ብቻዋን ትበቃለች። ርእሱ እንግዲህ «በእንስሳት ህብረ ህዋስ ውስጥ በህዋስ ሽፋን ላይ የተሰኩ ፕሮቲኖችን በፍሎረሰንት ምልክት መከታተል» ይሁን።