ጥያቄና መልስ፦ ስድስት ኪሎ ለምን አምስት አኃዝ ያዘ?

መምህር፦ ጠይቁ፣ እስከ ማታ አለሁ። ርዕሳችን በቤዝ −2 የተጻፈ ሙሉ ቁጥር ነው፤ አኃዞቹ 0 እና 1 ብቻ ናቸው፣ የእያንዳንዱ ቤት (የአኃዝ ቦታ) ዋጋም በቀኙ ያለው ቤት ዋጋ በ −2 ሲባዛ ነው። ቤዝ 2 ያልገባው መጀመሪያ እሱን ይጨርስ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ቁጥሩን ወደዚህ ቤዝ ለመቀየር ደጋግማችሁ ለ −2 ስታካፍሉ ቀሪው 0 ወይም 1 ብቻ ነው፤ ኔጋቲቭ ቀሪ የለም።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ኔጋቲቭ ቤዝ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ያለ ምልክት ኔጋቲቭ ቁጥር ያጽፋል። የተቀመጥኩት አራት ኪሎ ሐውልቱ አጠገብ ነውና ከዚሁ ሽቅብ እንውጣ። ቤቶቹ ከቀኝ ወደ ግራ 1፣ −2፣ 4፣ −8፣ 16፣ −32 ናቸው። አራት 100 ነው። አምስት ኪሎ ስንደርስ 101። ስድስት ኪሎ ላይ ግን 11010! በሦስት ቤት ከ5 ማለፍ አይቻልም፤ 4 እና 1 ተይዘው አለቁ። አራተኛው ቤት −8 ነው፤ የቀኞቹ ቢበዛ 5 ስለሚሰጡ ከ −3 በላይ አያደርሰንም። ስለዚህ አምስተኛውን ከፍተን 16 እንይዝና 8 እና 2 እንቀንሳለን። የአኃዞቹ ብዛት ኢተጋማሽ ከሆነ ቁጥሩ ፖዘቲቭ፣ ተጋማሽ ከሆነ ኔጋቲቭ ነው። ዜሮ ብቻ ከዚህ ውጭ ነው።

ጥያቄ፦ ማን ፈጠረው?

መልስ፦ ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ግሩንዋልድ፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ጽፎበታል። ፖላንዶች ኮምፒውተር ሠርተውበታል። ቀጥሉ።

ጥያቄ፦ −13ን ሳካፍል የመጀመሪያው አኃዝ −1 ሆነብኝ።

መልስ፦ ቀሪውን ኔጋቲቭ አድርገሽ ነዋ፣ ልጄ። −13 ለ −2 ድርሻው 7፣ ቀሪው 1። 7፦ ድርሻ −3፣ ቀሪ 1። −3፦ 2፣ ቀሪ 1። 2፦ −1፣ ቀሪ 0። −1፦ 1፣ ቀሪ 1። 1፦ 0፣ ቀሪ 1። ቀሪዎቹን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አንብቢያቸው፦ 110111። ስድስት አኃዝ፣ ኔጋቲቭ።

ጥያቄ፦ ስለ ቤዝ በአጠቃላይ ቢያብራሩልን?

መልስ፦ ምኑን? ለይተህ ጠይቅ።

አንድ አባል፦ የግዕዝ ቁጥርስ? ቤዝ 10 ነው አይደል፣ ከ፩ እስከ ፱፣ ከ፲ እስከ ፺።

ሌላ አባል፦ የለም፣ 100 ነው። 2016 ስትጽፍ ፳፻፲፮ ነው፤ ሃያ መቶ ከአሥራ ስድስት። ከ፻ ቀጥሎ አዲስ ምልክት የሚመጣው ፼ ላይ ነው።

የመጀመሪያው፦ ታዲያ ፲ ለምን የራሱ ምልክት ኖረው?

መምህር፦ ዜሮ የለውም፤ መቶውም በ፻ ይጻፋል እንጂ በቦታው ብቻ አይታወቅም። ውይይቱ ለሌላ ቀን ይቆየን።

ጥያቄ፦ በቤዝ −2 የተጻፈ ቁጥር ለ3 መካፈሉ እንዴት ይታወቃል?

መልስ፦ እሰይ፣ ይቺን ስጠብቅ ነበር! አንዶቹን ቁጠሩ፣ በቃ። 4 ማለት 3 ሲደመር 1 ነው፣ 16 ደግሞ 15 ሲደመር 1። −2 ያው −3 ሲደመር 1፣ −8 ያው −9 ሲደመር 1። እያንዳንዱ ቤት ለ3 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል፤ ስለዚህ የአንዶቹ ብዛት ራሱ ቀሪውን ይነግራችኋል። 11010 ሦስት አንድ አለው፤ 6 ለ3 እኩል ይካፈላል። 110111 አምስት አንድ አለው፤ ከአምስት ሦስት ሲነሳ 2 ይቀራል፣ −13ም −15 ሲደመር 2 ነው። በቤዝ 10 አኃዞችን ደምረን ለ9 መካፈሉን የምንፈትሽበት መንገድ ይኸው ነው፤ ግን እዚህ መደመር እንኳ የለም፣ መቁጠር ብቻ። ሰላሳ አኃዝ ያለው ቁጥር ስጡኝ፣ በጣት ቆጥሬ እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ የኔጋቲቩ ምልክት የት ይጻፋል?

መልስ፦ ተመልሷል። አኃዞቹን ቁጠር።

ጥያቄ፦ ይሄ ለፈተና ይመጣል?

መልስ፦ ለፈተና የሚያዘጋጅህን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ በአምስት አኃዝ ትልቁ ስንት ነው?

መልስ፦ 21፤ 16፣ 4 እና 1። 22 ላይ እንደ ስድስት ኪሎው ይዘላል፣ ሰባት አኃዝ ይሆናል። ጽፈሽ አምጪው፤ ቀሪው ኔጋቲቭ እንዳይሆን።