ጎረቤቴ «ዶሮዎችሽን ካላስወገድሽ እከስሻለሁ» አሉኝ፤ ይችላሉ?

የጠያቂያችን ጉዳይ ባጭሩ ይኼ ነው። በጓሯቸው 15 ዶሮና አንድ አውራ ያረባሉ። የአጥር ጎረቤታቸው ሽታውና ጩኸቱ ሰላም ነሳኝ ይላሉ። በቅርቡ ደግሞ ሁለት ዶሮዎች በአጥር ሾልከው የጎረቤትን ችግኝ ጫሩት። አሁን ነገሩ ወደ ክስ እያመራ ነው።

መክሰስ ይችላሉ? አዎ። ያሸንፉኛል? እሱ በአብዛኛው በእርስዎ እጅ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግቢ ዶሮ ማርባትን በስም ጠርቶ አይከለክልም። ቁጥር 1225 ግን ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ያዝዛል፤ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ ማለፍ የለባቸውም ይላል። ልብ ይበሉ፣ ጭራሽ አይሽተት፣ ጭራሽ አይጩህ አላለም። ልኩን የሚወስነው ዳኛው ነው፤ የአካባቢውን ልማድና የቦታውን አቀማመጥ አይቶ። ስለዚህ አውራ ዶሮ ጎህ ሲቀድ መጮሁ ብቻውን ደካማ ክስ ነው ብዬ አምናለሁ። የዶሮ ቤቱ ከጎረቤት መኝታ ቤት መስኮት ሥር ተሠርቶ፣ ኩሱ ሳይጠረግ ተከምሮ፣ ጉዝጓዙ ረጥቦ ዝንብ የሚያፈላ ከሆነ ግን እኔ ራሴ ጠበቃዎ ሆኜ ብቆም የምከራከርበት ያጥረኛል። ቤቱን ከአጥሩ ያርቁት፣ ጉዝጓዙን ደረቅ ያድርጉት፤ ከማንኛውም መልስ በላይ ይጠቅምዎታል። ሲያጸዱና ሲያዛውሩ ፎቶ ያንሱ፣ ማስረጃ ነው።

የችግኙ ነገር ሌላ ነው፣ እዚህ ላይ አይከራከሩ። በቁጥር 2071 መሠረት የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ሳላውቅ አምልጠውኝ ነው ማለት አያድንም። እንዲያውም በቁጥር 2075 ጎረቤትዎ ግቢያቸው ገብተው ጉዳት ያደረሱትን ዶሮዎች ለካሳቸው መያዣ አድርገው ማቆየት ይችላሉ። የችግኙን ዋጋ ይክፈሉ፣ ቀዳዳውን ዛሬውኑ ይድፈኑ፣ ስለ ክፍያው አጭር ወረቀት ተጻጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እርስዎ ያልጠየቁኝ ነገር ነው፦ የከተማዎ ደንብ። ስለ እንስሳት እርባታና ስለ አካባቢ ንጽሕና ከተሞች የየራሳቸውን ደንብ ያወጣሉ፣ ካንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ጎረቤትዎ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ ለደንብ አስከባሪ ቢያመለክቱ ጉዳዩ ቶሎ ሊፈጥንብዎት ይችላል። ቀድመው ወረዳዎ ይሂዱ፣ ስንት ዶሮ እንደሚፈቀድና ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ጥያቄውን በጽሑፍ ያስገቡ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። «ችግር የለውም» የሚል የቃል መልስ ነገ ሰውዬው ከቦታው ሲቀየር ዋጋ የለውም።

ቤቱን ተከራይተው ከሆነ የኪራይ ውልዎንም አንዴ ያንብቡት። እንስሳ ማርባት ክልክል ነው የሚል ቃል ካለበት ጎረቤት ዝም ቢልም አከራይዎ ሊጠይቅዎት ይችላል።